ከኤችቶፕ ወደ ቢቶፕ ልቀይር? ከመወሰናችሁ በፊት

«ሲስተሙ ተንቀራፏል» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው ተርሚናሉን ነው። ሲፒዩውንና ሜሞሪውን ማን ጠፍንጎ እንደያዘው ሳላይ ምንም አልነካም። ለዓመታት ይህን ሳይ የኖርኩት ማሽኑ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው በኤችቶፕ ነው፤ አሁን ላፕቶፔ ላይ ያንኑ ሥራ ወደሚሠራው ቢቶፕ ዞሬያለሁ። ሁለቱም፣ የሁሉም መነሻ የሆነው ቶፕም በነጻ ይገኛሉ። የሚያስከፍለው የለመደ ጣትና የለመደ ዓይን መቀየሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ያስከፍላል።

ስለ ቶፕ ብዙ አልልም። ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ሁሉ ማለት ይቻላል አብሮ ይመጣል። ትልቁን ኤም ስትጫኑ በሜሞሪ፣ ትልቁን ፒ ስትጫኑ በሲፒዩ ይደረድርላችኋል። አዲስ ፕሮግራም መጫን በማይፈቀድበት የደንበኛ ማሽን ላይ ያላችሁ እሱ ብቻ ነውና የቱንም ብትመርጡ እሱን እወቁት።

ኤችቶፕን ሂሻም ሙሐመድ በ2004 ጀመረው። የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማጣሪያው፣ ዛፉ (የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንዳስነሳ የሚያሳየው)፣ መደርደሪያው ሁሉ ከስክሪኑ ግርጌ ከነቁልፉ ተጽፎ ይታያል፣ የሚሸመደድ ነገር የለም። ቢቶፕ የወጣው በ2021 ነው። ሠሪው መጀመሪያ ባሽቶፕን በባሽ፣ ቀጥሎ ቢፓይቶፕን በፓይተን ጽፎ ነበር፤ ቢቶፕ በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና የተጻፈው ሦስተኛው ነው። ሲፒዩን፣ ሜሞሪን ከዲስክ ጋር፣ ኔትወርክንና ፕሮሰሶችን (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን) በአራት ሳጥን ከፍሎ ያሳያል፤ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮች በመጫን ያልፈለጋችሁትን ሳጥን ትዘጋላችሁ። ግራፉ ያለፉትን ደቂቃዎች ስለሚያሳይ ጭነቱ ድንገት የወጣ ይሁን ቀስ በቀስ የመጣ ወዲያው ይለያል። እኔን ያሸነፈኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለ አራት ኮር ማሽን ላይ (ኮር ማለት የሲፒዩው አንድ የማስሊያ ክፍል ነው) አንድ ፕሮግራም አንዱን ኮር ሙሉ በሙሉ ይዞታል እንበል። ቶፕና ኤችቶፕ ከፕሮግራሙ ጎን 100 በመቶ ብለው ይጽፋሉ። ቢቶፕ ግን እንደተጫነ ከሆነ 25 በመቶ ነው የሚለው፤ የሚያሰላው ከጠቅላላው የማሽኑ አቅም ነውና። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን 100ን እንደ አደጋ ምልክት የለመደ ዓይን 25ን አይቶ «ችግር የለም» ብሎ ያልፋል። ባለ 16 ኮር ሰርቨር ላይማ ያው ፕሮግራም 6 በመቶ አካባቢ ሆኖ ይታያል፤ ማን ልብ ይለዋል? ስለዚህ ቢቶፕን በጫናችሁበት ቀን ምርጫዎቹ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሶችን ሲፒዩ በኮር እንዲያሰላ ቀይሩት።

ሁለተኛው ጉዳይ የለመደ ጣትን የሚመለከት ነው። ቶፕ ላይ ትንሿን ኬ ስትጫኑ ካልቀየራችሁት የሚላከው 15 ቁጥር ሲግናል ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ሰብስቦ እንዲወጣ ይጠየቃል። ኤችቶፕም ኤፍ 9ን ስትጫኑ ቀድሞ የሚያቀርበው 15ን ነው። ቢቶፕ ላይ ለዚህ የተመደበችው ቲ ናት፤ ኬ 9 ቁጥርን ትልካለች፣ ያም ፕሮግራሙን ያለ ምንም ዝግጅት ባለበት ይገድለዋል። እርግጥ ከመላኩ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ እኔ ግን በልማድ ኬን፣ በልማድ ኢንተርን ተጫንኩና የመሞከሪያ ዳታቤዜን ገደልኩት። እንደገና ሳስነሳው ራሱን እስኪያስተካክል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የደንበኛ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ራም ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የኤችቶፕ የሜሞሪ መስመር እስከ ጫፍ ሞልቶ ስታዩ አትደንግጡ፤ በተለመደው ቀለም በእውነት የተያዘው አረንጓዴው ነው፤ ቢጫው ሊኑክስ ፋይሎችን ለማፍጠን የያዘው፣ ሲፈለግ ግን በአብዛኛው የሚለቀው ነው። ቢቶፕ የተያዘውን፣ ሊገኝ የሚችለውንና ካሹን (ያን ለፋይሎች የተያዘውን) ለየብቻ ስለሚጽፍ ለጀማሪ ይሻላል። ቢቶፕ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) ማሳየት የጀመረው ከ1.3 ስሪት ወዲህ ነው፤ አንዱ የሊኑክስ ዓይነት በሆነው በዴቢያን 12 የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ያለው ከዚያ የቆየ ስለሆነ እዚያ አትፈልጉት።

በራሳችሁ ማሽን ላይ ለምትሠሩ፣ ቢቶፕን ያለማመንታት እመክራለሁ። ሩቅ ያለ ሰርቨር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል በተርሚናል መግቢያ) ለምታስተዳድሩ ግን ኤችቶፕ ላይ ቆዩ፤ በተለይ ከአዲስ አበባ በሞባይል ዳታ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ውስጥ ለምትገቡ። ቢቶፕ ግራፉን በየሁለት ሴኮንዱ ስለሚያድስ በመስመሩ የሚያልፈው ነገር ይበዛል፣ ኔትወርኩ ሲደክም ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ግራፉን የሚስልበት የብሬል ነጥብም አንዳንድ የዊንዶውስ ተርሚናሎች ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ቢቶፕ ካልሆነ በቀር አልሠራም ካላችሁ የማደሻውን ጊዜ በመደመር ምልክቱ ወደ አምስት ሴኮንድ አርዝሙት፣ የግራፉን ምልክት ከብሬል ወደ ብሎክ ቀይሩት፣ የኔትወርኩንም ሳጥን በ3 ዝጉት።