ኦፒሲ ወይስ ፒፒሲ? ውሃ የማያሳልፍ አርማታ ለሚፈልግ

ሲሚንቶ ልንገዛ ስንሄድ ከዋጋ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ጠንካራው የቱ ነው?» የሚለው ነው። የሚሰጠን መልስ ሁሌም «ኦፒሲ» (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ነው። 42.5 ተብሎ ተጽፎበታላ! ፒፒሲው (ፖዞላና የተቀላቀለበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ላይ ያለው ደግሞ 32.5 ነው። ቁጥሩ ግን የሚነግረን ሲሚንቶው በ28 ቀን የሚደርስበትን ጥንካሬ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ አርማታው ውስጥ ያለው ብረት ይዛግ እንደሆነ አይናገርም።

ሁለት ነገር እንለይ። አርማታ ውስጥ ቀዳዳ ሲበዛ ጥንካሬ ይወርዳል። በደንብ ባለመጠቅጠቁ የቀረ 1 በመቶ አየር 5 በመቶ ያህል ጥንካሬ ይቀንሳል። ቀዳዳዎቹ ከተገናኙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ውሃና አየር እስከ ብረቱ ድረስ መንገድ ያገኛሉ። የዛገ ብረት ያብጣል፣ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል። ፎርምወርኩ (እርጥቡ አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ) ቶሎ ተፈትቶ ሥራው እንዲቀጥል ለሚፈለግበት ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ፒፒሲ ዘገምተኛ ነው። እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮ ተፈጭቶበታል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ኖራ ይተርፈዋል። የድንጋዩ ዱቄት ያንን ኖራ ይዞ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይፈጥራል፤ ቀዳዳዎቹንም ቀስ በቀስ ይደፍናል። ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ስለዚህ እርጥበት ለማይለየው መሠረት፣ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለሰፕቲክ ታንክ ምርጫዬ ፒፒሲ ነው። ለልስንማ ክርክርም አያስፈልገውም፣ ፒፒሲ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ይበልጣል፤ የውሃው መጠን። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ከገባ፣ ኦፒሲ አርማታ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቢቆይ የቀዳዳዎቹ መገናኛ ይዘጋል። ከ35 ሊትር ካለፈ ግን ዓመት ሙሉ ብታጠጡትም አይዘጋም። ሠራተኛ «ይቅጠን፣ ለመሙላት ይቀላል» እያለ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲገለብጥ ዝም ካላችሁ፣ በ42.5 ላይ የጨመራችሁት ብር ሜዳ ላይ ቀረ። እርጥብ አሸዋ የያዘው ውሃም እንደሚቆጠር አትርሱ።

ሳይቱ ላይ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣ አስተማማኝ ሰው ከሌላችሁስ? ያኔ ወደ ኦፒሲ አደላለሁ። ሁለቱም ውሃ ጥም ይጎዳቸዋል፤ ፒፒሲ ግን ሥራውን ገና ሳይጨርስ ስለሚደርቅ ይብስበታል። መሐንዲሱ ፕላኑ ላይ የሲሚንቶውን ዓይነት ከጻፈው ደግሞ የኔን ትታችሁ የእሱን ግዙ።

ከመክፈላችሁ በፊት ከረጢቱን በእጃችሁ ዳብሱት። በጣት ተጭናችሁት የማይፈርስ ጓል ካለው እርጥበት አግኝቶታል፤ ኦፒሲም ሆነ ፒፒሲ ለአርማታ አይሆንም።