ባለረጅም አንገቱ የአየር ሽጉጥ ከ8 ወር በኋላ

ይህን የታመቀ አየር እየነፋ አቧራ የሚያራግፍ የአየር ሽጉጥ ከገዛሁት 8 ወር ሆነኝ። አንገቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ጫፉ ታጥፎ በሁለት ጎን አየር ይተፋል። የምሠራበት በአየር የሚቀዘቅዙ ሙቀት መለዋወጫዎችን ለማጽዳት ነው፣ በተለይ የስክሩ ኮምፕሬሰራችንን (የአየር ማመቂያ ማሽናችንን) የዘይት ኩለር (ማቀዝቀዣ) እና የጄኔሬተሩን ራዲያተር። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ 5 ኮከብ ሰጥቼ እገላገል ነበር። እንኳን ቆየሁ።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን ልናገር። የኮምፕሬሰሩ ዘይት 104 ዲግሪ እየደረሰ ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ማሽኖች 110 አካባቢ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ስለዚህ ቀኑ በሞቀ ቁጥር ዓይናችን ከጌጁ ላይ አይነሳም። የሚገርመው ኩለሩ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ነው። ከኋላ በባትሪ ሳበራበት ግን ብርሃኑ የሚያልፈው እዚህም እዚያም በነጠብጣብ ብቻ ነው። ለካ ቆሻሻው የተኛው ተደራርበው በተገጠሙት ሁለት ኩለሮች መካከል ባለችው አራት ጣት በማትሞላ ክፍተት ውስጥ ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ግራጫ አቧራ። ተራው አጭር ሽጉጥ እዚያ አይደርስም። የዚህኛው አንገት ገባና አራገፈው። ያን ቀን ሁለት ፌስታል ሙሉ አቧራ ወጣ፣ ዘይቱም 86 ላይ ረጋ።

አሁን ወደ ጉዱ። በመጀመሪያው ቀን የነፋሁት ማራገቢያው አየር በሚገፋበት አቅጣጫ ነበር፣ ማለትም ቆሻሻውን ይባስ ወደ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። መነፋት ያለበት በተቃራኒው ነው። በ7 ባር ግፊት ተጠግቼ ስነፋም የመዳፍ ስፋት ያህል ፊን (የኩለሩን ስስ ቅጠሎች) አጣመምኩ። ፊኖቹ እኮ እንደ ወረቀት የሳሱ አሉሚኒየም ናቸው! በፊን ማበጠሪያ እያቃናሁ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ከዚያ ወዲህ ግፊቱን 4 ባር ላይ አድርጌ፣ ራቅ ብዬ፣ ሳላጋድል ቀጥ አድርጌ ነው የምነፋው። ማራገቢያውንም በእጅ መያዝ ነው፤ አየሩ ካሽከረከረው ቤሪንጉን ይጎዳል። ማሽኑ ጠፍቶ ብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) መቆለፉን ግን ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት የለም።

በሦስተኛው ወር ደግሞ ሽጉጡ ውሃ ይተፋ ጀመር። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የታመቀ አየር ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፣ ያ ውሃ አቧራውን ጭቃ አደረገው፣ ጭቃው ፊኖቹ መካከል ደርቆ ሲሚንቶ ሆነ። አሁን ከሽጉጡ በፊት ውሃ መለያ ገጥሜያለሁ፣ ሥራ ከመጀመሬም በፊት ንጹሕ ጨርቅ ላይ ነፍቼ አያለሁ። ይህን ማኑዋሉ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ሁለት ገጽ ናት፣ አንዱ ሙሉ ሥዕል።

በታመቀ አየር ፋንታ ደረቅ የናይትሮጅን ሲሊንደር ተጠቀም ያለኝም ነበር። በተዘጋ ክፍል ውስጥ? ናይትሮጅን ሽታ የለው፣ ኦክስጅኑን ተክቶ ሰው ሳያውቀው ይጥላል። ኦክስጅን ሲሊንደርማ ዘይት ባለበት ቦታ እሳት መጥራት ነው።

በአምስተኛው ወር ምላጩ ሥር አየር ማፍሰስ ጀመረ። ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ቀየርኩት፣ ተስተካከለ። ይበልጥ ያናደደኝ ጫፉ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ነው፤ በየጊዜው ይላላል። በግፊት ላይ እያለ ቢፈናጠር ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ መነጽር አድርጌም በየጊዜው አጠብቀዋለሁ። ጩኸቱም አይቻልም፣ ያለ ጆሮ መከላከያ አትሞክሩት።

አየርም ይበላል። 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ7 ባር በሰከንድ ከ10 ሊትር በላይ ነጻ አየር (ሳይታመቅ ሲለካ) ያስወጣል፣ የዚህ ቀዳዳ ደግሞ ሁለት ነው። ያላችሁ ባለ 50 ሊትር ታንክ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ያልቃል።

ዘይት የጠጣ አቧራ ላይ ምንም አይፈይድም። የጄኔሬተሩ ራዲያተር ታችኛው ጥግ እንደዚያ ነው፤ ብነፋው ብነፋው ንቅንቅ አላለም፣ በመጨረሻ በማጽጃ ኬሚካልና ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ታጠበ። ቱቦ ውስጥ የተጋገረ የውሃ ኖራንም አይነካውም።

ቢሰበርብኝ ይህንኑ መልሼ እገዛለሁ፣ ከውሃ መለያው ጋር። ጫፉን ግን በመጀመሪያው ቀን አውልቄ በብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ነው የማስረው።