ቢኤም-800፣ ቤሪንገር ሲ-1 ወይስ ኤቲ2020? ቤት ውስጥ ለመቅዳት ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ለምትፈልጉ

መዝሙር የሚቀዱ፣ ትረካ የሚያነቡ፣ ዩቲዩብ የጀመሩ ወዳጆቼ በየጊዜው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «በትንሽ ብር ጥሩ ኮንደንሰር ማይክ የቱ ነው?» ይሉኛል። ኮንደንሰር ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ጥቃቅን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ የስቱዲዮ ማይክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄው ጋር የቴሌግራም ፎቶ ይልካሉ። ፎቶው ላይ ቢኤም-800 ከነክንዱ፣ ከነስፖንጁ፣ ከነቪ8 ሳውንድ ካርዱ ተደርድሯል። «ሙሉ ስቱዲዮ» ይላል ጽሑፉ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። የኦዲዮ ቴክኒካን ኤቲ2020 ግዙ። ገንዘቡ ዛሬ ካልሞላ አጠራቅሙና ግዙ። ጭራሽ መጠበቅ የማይቻል ከሆነ የቤሪንገር ሲ-1 አለ። ያንን «ሙሉ ስቱዲዮ» ግን እለፉት።

ከብሩ እንጀምር። የማይኩን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እውነተኛ ኮንደንሰር ብቻውን አይሠራም። በኬብሉ በኩል 48 ቮልት የሚልክለት ነገር ይፈልጋል። ፋንተም ፓወር የሚባለው እሱ ነው። ይህን የሚሰጠው ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ የምንለው ዕቃ ነው። በዚያ ላይ ኬብል፣ ስታንድና ፖፕ ፊልተር (የአፍ ትንፋሽ የሚከላከል ወንፊት) ይጨመራሉ።

ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላርን በ150 ብር እንያዘው። እናንተ በምትገዙበት ቀን ያለውን ምንዛሪ አስገብታችሁ አስተካክሉት። ኤቲ2020 በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት 99 ዶላር ሲሸጥ የኖረ ማይክ ነው። ይህ 14,850 ብር ይሆናል። እንደ ቤሪንገር ዩኤም2 ያለ አነስተኛ ኢንተርፌስ ወደ 45 ዶላር፣ ማለትም 6,750 ብር ያህል ያዙለት። ኬብል፣ ስታንድና ፖፕ ፊልተር በቁጠባ ከተገዙ 30 ዶላር ወይም 4,500 ብር። ድምሩ 26,100 ብር መጣ። በሲ-1 ብትቀይሩት ማይኩ 55 ዶላር ገደማ ስለሆነ ድምሩ ወደ 19,500 ብር ይወርዳል። ልዩነቱ 6,600 ብር ነው። ትንሽ ገንዘብ ነው አልልም። ግን ለምን ኤቲ2020ን እንደምመርጥ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ድሮ የነበረ ዋጋ ይዛችሁ ሱቅ አትሂዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በፊት በባንክ ስሌት 5,600 ብር ገደማ የነበረው 99 ዶላር ዛሬ የት እንደደረሰ አይታችኋል። ሱቁ የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የትርፍ ይጨምራል። ሩብ ያህል ቢጨምር ይገባኛል። እጥፍ ከጠየቃችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ቢኤም-800። ይህ ማይክ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ አይደለም። በብዙ ስም፣ በብዙ ቀለም ይሸጣል። ስሙ አንድ የሆነ ሁለት ሳጥን ብትከፍቱ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ሊለያይ ይችላል። ከውጭ ትልቅ የስቱዲዮ ማይክ ይመስላል። የስልካችሁን መብራት በወንፊቱ ውስጥ ብታበሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት አነስተኛ ካፕሱል (ድምፁን የሚቀበለው ክፍል) ነው። የካፕሱሉ መጠን ብቻውን ጥራትን አይወስንም። የኤቲ2020ም 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደግሞም ጥሩ ይቀዳል። የቢኤም-800 ችግር ሌላ ነው። አብሮት የሚመጣው ኬብል በአንድ ጫፉ ኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ መሰኪያ)፣ በሌላው የኢርፎን መሰኪያ ነው። ላፕቶፕና ስልክ በዚያ መሰኪያ የሚልኩት ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ማይኩ ይሠራል፣ ድምፁ ግን ይደክማል። ድምፁን ለማጉላት ጌይኑን ትከፍታላችሁ። ያኔ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ አብሮ ይጎላል።

ቪ8ም ይህን አይፈታም። የማይክ መግቢያው ያው የኢርፎን መሰኪያ ስለሆነ 48 ቮልት አይልክም። ቀጥታ ሥርጭት ላይ ለሚያወራና በኤፌክት ለሚጫወት ሰው ይበቃው ይሆናል። መዝሙር ለመቅዳት አይሆንም። የማውቃቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ጥቅል ገዝተው ሙሉ መዝሙር ቀዱ። ሽሽታውን በሶፍትዌር ለማጥፋት ሲሞክሩ ድምፃቸው ውሃ ውስጥ ሆነው የዘመሩ መሰለ። ሻጩ መልሶ አልተቀበላቸውም። ያዋጡት ብር ቀለጠ፣ ቀረጻውም እንደገና ተሠራ። «በርካሽ ገዝቼ ልጀምር» ለሚል ሁሉ ይህን የምነግረው ሌላ ሰው ሲጎዳ ማየት ስላልፈለግኩ ነው።

አቅማችሁ በእውነት እዚያ ድረስ ብቻ ከሆነ ያንኑ ብር የዩኤስቢ ማይክ ላይ አውሉት። የፊፋይን ኬ669 አንድ ምሳሌ ነው፤ 30 ዶላር ገደማ ወይም 4,500 ብር። ሳውንድ ካርዱ ውስጡ ነው። በዩኤስቢ ይሰካል፣ አለቀ። ለትረካና ለፖድካስት ከቢኤም-800 ጥቅል በብዙ ይበልጣል። ጉድለቱ፣ ማይኩ አብሯችሁ አያድግም። ነገ ኢንተርፌስ ብትገዙ አይሰካበትም። ሁለት ሰው አንድ ላይ ለመቅዳትም ያስቸግራል።

ሲ-1 እውነተኛ ኮንደንሰር ነው። 48 ቮልት ካላገኘ አይናገርም። መያዣ ሳጥን አለው፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። ድምፁ ግን ብሩህ ነው፤ ላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል። ለአንዳንድ ድምፅ ያምራል። በአማርኛ ስናነብ ግን «ጸ»፣ «ሸ»፣ «ጨ» ይበዛሉ። እነዚህ ፊደላት በብሩህ ማይክ ሲቀዱ ጆሮ ይወጋሉ። ረጅም ትረካ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም። በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚያመዛዝነው ማስተካከያ) ይቀነሳል፣ ግን በእያንዳንዱ ቀረጻ ላይ መሥራት አለባችሁ። ማሲንቆም እንዲሁ ነው። ያቺ አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ስትገዘገዝ መሃልና ላይኛው ድምፅ ላይ ብዙ ጉልበት አላት። ብሩህ ማይክ ሲጨመርበት ሰው ሳይጨርስ ያጠፋዋል። ማይኩን ከደጋኑ ፊት ለፊት አታድርጉት። ወደ ጎን ዞር አድርጉና ከማሲንቆው ሳጥን ራቅ አድርጉት።

ኤቲ2020 እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ድምፁ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። ያላችሁትን ይይዛል፣ ብዙም አይጨምርበትም። እስከ 144 ዴሲቤል ስለሚችል ከበሮም ሆነ ጮክ ብሎ የሚዘምር ሰው አያስፈራውም። ማጥፊያ፣ ማብሪያ፣ ምንም ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ የሚበላሽበትም ነገር ጥቂት ነው። ሌላው ጥቅሙ ስሙ ነው። ሁለተኛ እጅ ለመሸጥ ብታወጡት ፈላጊ አለው። ያ ተጨማሪ 6,600 ብር ማይኩ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ገንዘብ ነው ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። ቢኤም-800ን ሁለተኛ እጅ ማን ይገዛችኋል?

በገና የምትቀዱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር እመክራለሁ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የሚርገበገብ፣ ጸጥታ የሚወድ ነው። ኤቲ2020 የራሱ የውስጥ ድምፅ 20 ዴሲቤል ነው። ቀርቦ ለሚናገር ሰው አይሰማም። ለስለስ ብሎ ለሚደረደር በገና ግን ከጀርባ ሊሰማ ይችላል። ወንድሙ ኤቲ2035 12 ዴሲቤል ነው። በአሜሪካ ወደ 149 ዶላር ሲሸጥ የኖረ ነው፤ 50 ዶላር ወይም 7,500 ብር ጭማሪ ማለት ነው። ንዝረት የሚከላከለው ሾክ ማውንት አብሮት ይመጣል፣ ከታች የሚያጉረመርመውን የሚቆርጥ ቁልፍም አለው። ለበገና ይህ ጭማሪ ይገባዋል። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ብሩን ለክፍላችሁ አውሉት።

ክፍል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮንደንሰር ሁሉን ይሰማል። የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ውሻ፣ የግንባታ መዶሻ፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ፣ ሁሉም ይገባል። ቤታችሁ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ 26,000 ብር ለኮንደንሰር ከማውጣታችሁ በፊት ዳይናሚክ ማይክ፣ ማለትም የሩቁን ድምፅ ያን ያህል የማይይዘውን ዓይነት አስቡ። የቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 ከሲ-1 ግማሽ ገደማ በሆነ ዋጋ ይገኛል። አፋችሁን ቀረብ አድርጋችሁ ከተናገራችሁ የውጭውን ድምፅ ብዙ ይተወዋል። ኮንደንሰሩን ከወሰናችሁ ደግሞ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ከኋላችሁ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ከፍቶ ወደዚያ መናገርም ይረዳል። ውድ የአኩስቲክ ስፖንጅ መግዛት መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም።

አንዳንዱ ደግሞ ስካርሌት ሶሎ ኢንተርፌስ ገዝቶ ቢኤም-800 ይሰካበታል። ስካርሌት 120 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። በዩኤም2 ጀምሩና ትርፉን ለማይኩ ስጡ። ኢንተርፌሱን በኋላ ማሻሻል ይቻላል።

ስለ ኮፒ ልንገራችሁ። ገበያው ላይ «ኦሪጅናል ነው» የማይል ሻጭ የለም። በዓለም ላይ በብዛት ከሚኮረጁት ማይኮች አንዱ የሹር ኤስ ኤም 58 ነው። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ በኩሽና ሚዛን ብቻ ብዙ ኮፒ ይያዛል። ለኮንደንሰር የምጠቀምበት ፍተሻ ሌላ ነው። ማይኩን 48 ቮልት በሚሰጥ ኢንተርፌስ ላይ ሰክታችሁ ተናገሩ። ከዚያ 48ቱን አጥፉት። ኤቲ2020ም ሲ-1ም በሰከንዶች ውስጥ ዝም ማለት አለባቸው። መናገሩን ከቀጠለ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ማይክ አይደለም። ስትሞክሩ ከጫፉ ሳይሆን ከጎኑ፣ የድርጅቱ ምልክት ባለበት በኩል ተናገሩ። በጫፉ ተናግረው «ድምፁ ሩቅ ነው» ብለው ጥሩ ማይክ የሚተዉ ሰዎች አሉ።

ለብቻው የሚሸጥ የፋንተም ፓወር ሳጥን ከገዛችሁ ደግሞ ሙሉ 48 ቮልት እንደሚሰጥ አትመኑት። መልቲሜትር ያዙ። የኤክስ ኤል አሩን ፒን 1 ከፒን 2፣ ቀጥሎም ፒን 1 ከፒን 3 ጋር ለኩ። ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት መካከል መሆን አለባቸው። ከዚያ ካነሰ ማይኩ ቢሠራም ይታነቃል።

ሲበላሽ ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማይኩ ሳይሆን ኬብሉ ነው። ርካሽ ኬብል ውስጥ ፒን 1 ላይ የተበየደው ሽቦ ይላቀቃል፣ «እምምም» የሚል ድምፅ ይጀምራል። መጀመሪያ ኬብል ቀይሩ። ካልጠፋ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። በብዙ ቤቶቻችን የኤሌክትሪክ መስመሩ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ጥፋቱ ከዚያ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለቱም ካልሆነ ነው ወደ ጠጋኝ የሚኬደው። ለጠጋኙ አንድ ነገር አደራ በሉት፤ ካፕሱሉንና ከሥሩ ያለውን ሰርኪዩት በጣቱ አይንካ። እዚያ ላይ ያለው ሬዚስታንስ እጅግ ከፍተኛ ነው። የጣት ቅባት ወይም ከብየዳ የተረፈ ሙጫ ብቻ መንጫጫት ያመጣል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በጥሩ ሁኔታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳያውቁ ማይክ የሚያበላሹት በዚህ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ «ኤቲ2020» ብላችሁ ብቻ አትጻፉለት። በዚያው ስም የዩኤስቢ ዓይነትም አለ፤ ዋጋው ይበልጣል፣ ኢንተርፌሳችሁ ላይ ግን አይሰካም። «ከታች ሦስት ፒን ያለው፣ ዩኤስቢ ያልሆነ» ብላችሁ ፎቶውን ላኩለት። ሳጥኑ ውስጥ የስታንድ ማያያዣና ለስላሳ ከረጢት እንጂ ኬብል የለም። ኬብሉንም አብሮ እንዲገዛ ንገሩት፤ እዚያ ያለው ጥሩ ኬብል እዚህ ከሚገኘው ብዙ ርካሽ ኬብል ይልቅ ዕድሜ አለው።