ሾክ አብዞርበሩ አይደለም፣ ነፋሱ ነው፤ ለገና መጥቼ የሞከርኳቸው ጎሚስታዎች

ለ2017 ገና ከፍራንክፈርት ስገባ የአክስቴ ልጅ ቦሌ ጠበቀኝ። «እኔ የመሥሪያ ቤት መኪና አለኝ፤ እስክትመለሺ ይቺ ያንቺ ናት» ብሎ ቁልፉን እጄ ላይ ጣለው። ቢኤምደብሊው ኤክስ 3፣ በፈረንጅ የ2012 ሥሪት። ደስ አለኝ። ደስታዬ ገርጂ ውስጥ ኮብልስቶኑ እስኪጀምር ቆየ።

ትደበድባለች። ድንጋዩን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ከጉድጓድ ስትወጣ መሪው እጅ ላይ ይዘላል። ኋላ የተቀመጠችው አክስቴ «ኧረ በማርያም ቀስ በይ» ትለኛለች፣ እኔ 15 ላይ ነኝ።

«ሾክ አብዞርበሩ ሄዷል፤ አራቱም ይቀየር ብለውኛል» አለ የአክስቴ ልጅ። ጋራዡ ዋጋ አውጥቶለታል። ዋጋውን ሲነግረኝ በዩሮ ላሰላው ጀመርኩና ተውኩት። «ጎማውን አይተውታል?» አልኩ። አላዩትም።

ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። የራሴም መኪና እንደዚሁ ራንፍላት ጎማ ነው ያለው። ጀርመን ደግሞ የበረዶና የበጋ ጎማ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር፣ ሳልወድ በግድ ስለ ጎማ ብዙ አውቄያለሁ። ራንፍላት ማለት ጎኑ ውስጥ ተጨማሪ ወፍራም ጎማ የተቀበረበት ነው። ነፋሱ ጨርሶ ቢወጣ እንኳ ያ ጎን መኪናውን ይሸከማል። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ሳያልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ መኪኖች ስኮርታም ክሪክም ሳይኖራቸው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። መለያው ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ብሪጅስቶን «አርኤፍቲ»፣ ኮንቲኔንታል «ኤስኤስአር»፣ ሚሼሊን «ዜድፒ» ይለዋል። የኛዋን ለማንበብ ግን መጀመሪያ ላቫጆ የቀባውን ጥቁር ማብለጭለጫ በጨርቅ መጥረግ ነበረብኝ። (ላቫጆውን በሌላ ነገር አላማውም። ምንጣፉን ሳይቀር አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውልኛል።)

የጎኑ ድርቀት ተሸክሞ የሚያስኬደው ነገር ነው፤ ወገብ የሚቀጣውም እሱው ነው። ለስላሳ ራንፍላት ብዙ አትጠብቁ። ግን ይሄን ያህል?

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ከቦርሳዬ መለኪያዬን አወጣሁ። አዎ፣ የጎማ መለኪያ ይዤ ነው የምጓዘው፤ ይሳቁ። በፒኤስአይ (መለኪያው የነፋሱን ግፊት የሚቆጥርበት ነው) 46፣ 45፣ 47፣ 44። የሾፌሩ በር ስር ያለው ወረቀት ጥቂት ሰው ሲጫን ፊት 32፣ ኋላ 35 ይላል። የገና ሰሞን ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በቀዝቃዛ ጎማ 46 ከሆነ ከሰዓት በፀሐይ ስንት ሊሆን ነው? በየአምስት ተኩል ዲግሪው ሙቀት 1 ያህል ይጨምራል።

ማን ሞላው? ነዳጅ ማደያ ላይ ያለ ልጅ ነው። የአክስቴን ልጅ «ይሄ ወፍራም ጎማ ስለሆነ በደንብ ካልተሞላ ይጎዳል» ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ «ሙላው» ነው፣ ማንም አይለካም። ውጤቱ የኋላዎቹ ጎማዎች ላይ ተጽፎ ይታያል። መሐሉ ሙልጭ ብሎ አልቋል፣ ዳርና ዳሩ ገና ጥርስ አለው። ነፋስ ሲበዛ ጎማው መሐሉ ያብጥና በመሐሉ ብቻ ይቆማል። ሲያንስ ተቃራኒው ነው፤ ዳሮቹ ያልቃሉ። ራንፍላት ላይ ማነሱ የባሰ ተንኮል አለው፤ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ አይተኛም፣ በዓይን አይታወቅም። በእግር ጠለዝ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት እዚህ አይሠራም።

ክሩስኮቱ ላይ ያለው የጎማ መብራትስ ለምን ዝም አለ? የዚች መኪና ሲስተም ነፋስ አይለካም። የጎማዎቹን ፍጥነት ያወዳድርና አንዱ ከሌሎቹ ሲለይበት ነው የሚጮኸው። አራቱም እኩል ካበጡ «ሁሉ ሰላም» ይላል። ነፋስ ባስተካከላችሁ ቁጥር ከሜኑው ገብታችሁ እንደ አዲስ ማስጀመር አለባችሁ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሜኑ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም።

የመጀመሪያው ጎሚስታ ገርጂ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ያለው ነው። ልጁ ቢበዛ 20 ዓመቱ ነው። «ማዘር፣ ሹፌሩ የለም?» አለኝ። ማዘር! 46 ዓመቴ ነው፣ እንደ ጎማው። ሹፌሯ እኔ ነኝ ስለው ግን አላፈረም፣ አላፌዘም። «በሩ ላይ ያለው ወረቀት ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ከከተማው ማደያዎች አንዱም ያልጠየቀኝን እሱ ጠየቀ። የእሱ መለኪያ ከኔው በ3 ይለያል፤ አሳየሁት። «እንግዲያው ባንቺ እንሂድ» አለ። አራቱን አስተካክሎ፣ የቫልቭ ክዳን የጠፋበት አንዱ ላይ ከኪሱ አውጥቶ ገጠመበት። ለክዳኑ አላስከፈለኝም። ለዚህ ልጅ አምስት ኮከብ።

ለውጡ ወዲያው ነው የታወቀው። ደረቅነቷ አልጠፋም፤ ቶዮታ አልሆነችም። ግን መዝለሉ ቀረ፣ መሪው ረጋ። አክስቴ ስለ ማርያም መለመኗን ተወች። ሾክ አብዞርበሩ ላይ ደግሞ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ አንድም የለም።

ከዚያ ሐዋሳ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ትኬት ወስደን በፈጣን መንገዱ ወረድን። እስከ ሞጆ፣ ከዚያም ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ መንገድ፣ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው፣ ክፈሉና ሂዱ። መቂን አለፍ ብለን መብራቱ በራ። የአክስቴ ልጅ «ኮምፒውተሩ ነው፣ ተይው» አለ። ወርጄ ለካሁ፤ የኋላ ቀኙ 24 ላይ ነው። ስኮርታ የለ፣ ክሪክ የለ፣ ጥላ እንኳ የለም። ለዚህ ቀን ነው ያ ሁሉ ድርቀት የተከፈለበት። አራቱን መብራት አብርቼ በ60 ባቱ ገባን።

ባቱ ያገኘሁት ጎሚስታ በእድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሲለኩት 17 ሆኗል። ሚስማሩን መሐሉ ላይ አገኙት። ረዳታቸው ሌቫ ይዞ ሊፈታው ሲመጣ በእጃቸው ከለከሉት። «እህቴ፣ ይሄን በሌቫ አልነካውም። ጎኑ ድንጋይ ነው፣ አፉን እንቀደዋለን፣ ቸርኬውንም እንላጠዋለን። ከውጭ ደፍኜ ልስጥሽ፤ አዲስ አበባ ስትገቢ ማሽን ያለው ቤት ውስጡን ያይልሽ» አሉኝ። ማስቲሽ የተቀባውን ማሰሪያ ከውጭ አስገብተው ደፈኑት፣ ሳሙና ውሃ አፍስሰው አረፋ እንደሌለው አሳዩኝ። 150 ብር። ሥራ «አልችልም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ፍራንክፈርትም በቀላሉ አይገኝም።

ሐዋሳ የማለዳውን ልኬት ስወስድ ከአዲስ አበባው ብዙም አልተለየም። እንዲህ ነው፦ ከፍታው በ700 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ የውጭው አየር ይከብዳል፣ መለኪያው ላይ 1 ያህል ይወርዳል። ሐዋሳ ደግሞ ጠዋቱ ይሞቃል፣ ያንኑ 1 መልሶ ይጨምራል። ጨዋታውን ወደድኩት። የአክስቴ ልጅ ዓሣውን ነበር የወደደው።

አዲስ አበባ ስመለስ ማሽን ያለው ቤት ገባሁ። መስታወት በመስታወት ነው፣ ቡናም ያቀርባሉ። ጎማውን ፈቱትና ውስጡን በባትሪ አዩ። ነፋስ ባጣ ጎማ ብዙ ከተሄደበት የውስጠኛው ጎን ይፈጫል፤ የጎማ ዱቄትና ክብ ጠባሳ ይታያል። ያ ከታየ ጎማው ሬሳ ነው፣ አይጠገንም። የኛው ንጹሕ ነበር። ከውስጥ ፓች ለጠፉ፣ ባላንስ አደረጉ፣ ጥሩ ሠሩ። ሊያስረክቡኝ ሲሉ ለካሁ፤ 42። «ለአስፋልት ነው» አሉኝ። ሁለት ኮከብ፣ ሁለቱም ለባትሪው።

ቀጥሎ ለኋላ ሁለት ጎማ ፍለጋ ወጣን፤ መሐሉ ያለቀ ጎማ በነፋስ አይመለስም። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ሻጩ «ይሄ ከእንግዲህ አይመጣም፣ ዛሬ ውሰጂው» አለኝ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፤ 1417። «ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩ። ሳቅ ብሎ «የዘንድሮ ነው እንጂ፣ 17 ይላል አይደል!» አለ። በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው፣ ጌታዬ። የ2017 አሥራ አራተኛ ሳምንት፣ በኛ የ2009 መጋቢት መጨረሻ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አልገዛንም። በሦስተኛው ሱቅ ሁለት ዓመት ያልሞላው አገኘን፣ ዋጋው አስለቃሽ ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለት ተራ ጎማ ከኋላ ልግጠም አለ። ራንፍላትና ተራ ጎማ ማደባለቅ አይመከርም፤ አንዱ ይታጠፋል፣ ሌላው አይታጠፍም፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ ሁለት ሐሳብ ትሆናለች። ወይ አራቱን ቀይረህ ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ስኮርታና ክሪክ ተሸከም፣ ወይ በያዝከው ቀጥል አልኩት። አንድ ቀን ሲያስብ ዋለና ራንፍላቱን ገዛ።

መለኪያዬን ክሩስኮቱ ሥር ትቼለት መጣሁ። ጋራዡ ግን እስካሁን ይደውልለታል፤ ሾክ አብዞርበሩ ከዱባይ ገብቷል፣ መቼ ነው የምትመጣው እያለ።