ኦራኩዊክ፦ ቤት ቁጭ ብሎ ኤች አይ ቪ መመርመር

ጤና ጣቢያ ሄጄ ያልተመረመርኩት ፈርቼ አይደለም። ካርድ ክፍል የምትቀመጠው ሴትዮ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናት። በቃ። ስለዚህ ራስን በራስ መመርመሪያውን ኦራኩዊክን ከፋርማሲ ገዛሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግዢው ነው። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጠይቅ ሻጩ ወደ ውስጥ ዞሮ "የኤች አይ ቪ መመርመሪያው አለ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ የራስ ምታት መድኃኒት የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ።

ዕቃው ራሱ ግን ቀላል ነው። ድድ መጥረጊያ ጫፍ ያለው ፕላስቲክ፣ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ቱቦ፣ ቱቦውን የምታቆሙበት ማስቀመጫ፣ አለቀ። መርፌ የለም፣ ደም የለም። ከመጀመራችሁ በፊት 15 ደቂቃ ምንም አትበሉም፣ አትጠጡም (እኔ ቡና ጠጥቼ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ)። የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ ጠረግ አድርጋችሁ ቱቦው ውስጥ ትከታላችሁ። ውጤቱ የሚነበበው ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው፣ 40 ካለፈ ግን አትመኑት። ያቺ 20 ደቂቃ አታልቅም! ሳህን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ፕላስቲኩ ላይ ሁለት ፊደላት አሉ፣ "ሲ" (C) እና "ቲ" (T)። "ሲ" ላይ ብቻ መስመር ከወጣ ኔጌቲቭ ነው። "ቲ" ላይም ከወጣ፣ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም እንኳ፣ ጤና ተቋም ሄዶ በሌላ ምርመራ ማረጋገጥ የግድ ነው፤ በዚህ ብቻ ቫይረሱ አለብኝ ተብሎ አይደመደምም። ከተረጋገጠም መድኃኒቱ እዚህ አገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን በዚህ ኪት አይመርመር፣ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ለጓደኛዬ ስነግረው "ከአፍ ከተገኘማ በመሳምም ይተላለፋላ!" አለኝ። አይደለም። ኪቱ ቫይረሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በዘር ፈሳሽ፣ በብልት ፈሳሽና በጡት ወተት ነው። ይሄን እንኳን እሱ፣ እኔም በደንብ የገባኝ ገና አሁን ነው።

ቅር ያለኝ፣ ዋናው ነገር መመሪያ ወረቀቱ ላይ በጉንዳን ፊደል መጻፉ ነው። ባለፉት 3 ወራት የተያዘን ሰው ኪቱ ላያሳይ ይችላል። ሳምንት ያልሞላውን ነገር ዛሬ መርምሮ "ነፃ ነኝ" ማለት ራስን ማታለል ነው። ጉዳዩ የትናንት ወይም የትናንት ወዲያ ከሆነ ደግሞ ኪቱን ተዉትና ሮጣችሁ ጤና ተቋም ሂዱ፣ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለሠርግ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀውን ወረቀት ለማግኘት ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ይሄ ማስረጃ አይሰጥም።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት በዚያች በጉንዳን ፊደል ነው፣ ለሻጩማ ኮከብ የሚባል ነገር የለኝም። እኔ ኔጌቲቭ ነኝ። ሣጥኑን ግን እናቴ እንዳታየው ሌላ ሰፈር ወስጄ ነው የጣልኩት።