በድሬ ሙቀት አሥራ አራት ወር ከኪንድሌ ጋር

ድሬዳዋ ላይ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ያልቸገረው ሰው ከቤት አይወጣም። ሱቁ ይዘጋል፤ ከዚራ እንኳን ጭር ትላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ንባቤ በዚያ ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ኪንድል ፔፐርዋይት የሚባለውን የአማዞን ኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ይዛልኝ መጣች። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6.8 ኢንች ነው። ይኸው አሥራ አራት ወሩን ያዘ። መምህር ስለሆንኩ ባልደረቦቼ «ይጠቅማል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

መጀመሪያ ስክሪኑን ላስረዳ፤ ከስልክ ጋር የሚያምታታው ብዙ ሰው ነው። ስልክ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ይረጫል። የኪንድል ስክሪን ግን ውስጡ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ብናኞች አሉ። ኤሌክትሪክ እነሱን እያንቀሳቀሰ ፊደል ይሠራል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ያለ ኤሌክትሪክ ባሉበት ይቆያሉ። ባትሪው በዋናነት የሚሠራው ገጽ ሲገለጥና መብራቱ ሲበራ ነው። እኔ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል አነባለሁ፤ ቻርጅ የማደርገው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ማታ የራሱ መብራት አለው። ቀን ደግሞ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ስል እንደ ወረቀት ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። አምራቹ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲሠራ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35ን አልፋ ትሄዳለች። አንድ ቀን መስኮት ላይ ትቼው ፀሐይ አገኘው። ሳነሳው ይፋጃል፤ ገጹ ሲገለጥ የበፊቱ ገጽ ጥላ እየቀረ ያስቸግራል። ደነገጥኩ። አጥፍቼ ቀዝቃዛ ቦታ ሳቆየው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን ቦርሳ ውስጥ እንጂ ጭኔ ላይ አላስቀምጠውም። ሌላው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቻርጅ የሚሰካበት ቀዳዳ አቧራ ይይዛል። ስክሪኑ ላይ ያለውን አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ካሻችሁት ይጭራል። የእኔ ውኃ የሚቋቋም ስለሆነ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ክዳን ያለው ማቀፊያ ግን የግድ ነው።

ለእንግሊዝኛ ንባብ፣ አቦ፣ ወደር የለውም። የማላውቀውን ቃል ጣቴን ሳቆይበት ፍቺው እዚያው ብቅ ይላል። የፈታኋቸው ቃላት በዝርዝር ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ ለተማሪዎቼ መልመጃ አወጣለሁ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው ድረ ገጽ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት በነፃ ያቀርባል። አብዛኞቹ የባለቤትነት መብት ጊዜያቸው ያለፈ ናቸው። እኔ በዚህ ዓመት ካነበብኩት ግማሹ ከዚያ ነው።

አማርኛ ላይ ስንደርስ ሆዴ ይባባል። የመሣሪያው ሜኑ በአማርኛ የለም፤ መዝገበ ቃላትም የለውም። በሕጋዊ መንገድ ገዝቼ የማነበው የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። በየስልኩ የሚዞረው በካሜራ ወይም በስካነር የተነሳ ፒዲኤፍ ነው። እሱ የገጽ ፎቶ ስለሆነ ፊደሉ አይጨምርም፤ ባለ 6.8 ኢንች ላይ ጉንዳን ያክላል። ደግሞም ደራሲው አምስት ሳንቲም አያገኝበትም። ዓመታት ለፍቶ የጻፈ ሰው መጽሐፉ እንዲህ ሲበተን ማየት ያመኛል። የአማርኛ ልብ ወለድ አሁንም የምገዛው በወረቀት ነው።

አንድ ነገር ግን አማርኛውንም አስወደደኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ዓይኑ ስለደከመ መጽሐፍ ካነሳ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ኪንድሉን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ የግዕዝ ፎንት «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ከተትኩ። አባቴ ስለ ባቡሩ ዘመን የነገረኝን በዎርድ እየጻፍኩ አኑሬው ነበር፤ እሱን ላክሁበት። ፊደሉን አተለቅሁና ሰጠሁት። መነጽሩን እያስተካከለ «ይሄ እኮ እኔ ያልኩት ነው» አለ። አሥራ ሁለት ገጽ ሳይነሳ ጨረሰው።

ሌላው የሚከብደኝ ማዋስ አለመቻሉ ነው። የወረቀት መጽሐፍ ከሳቢያን እስከ መጋላ አምስት ሰው ይዞረዋል፤ ከኪንድል መደብር የገዛሁትን ግን ለጓደኛዬ ላውሰው አልችልም። ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የተገዛን መጽሐፍ ከመደብሩ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ መጫን ቀርቷል። ክፍያውም ለእኔ አስቸጋሪ ነው፤ የእኔን የምትከፍለው የአክስቴ ልጅ ናት።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ዋጋው ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል። መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ሪድኤራ የሚባለውን የማንበቢያ መተግበሪያ ጫኑ፤ ኢፐብ የሚባለውን የኢ-መጽሐፍ ፋይልም ፒዲኤፍም በነፃ ይከፍታል። አንድ ሙሉ መጽሐፍ በስልክ ከጨረሳችሁ ልማዱ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ግዙ። ሁለቱም አማራጭ ካለ ሁልጊዜ ኢፐቡን ምረጡ፤ ፊደሉ እንደ ዓይናችሁ ይሰፋል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ማውጣቱን ሳታዩ ብር አትስጡ። ገጹን ደጋግማችሁ ግለጡ፤ የማይጠፋ መስመር ካለ ስክሪኑ ተጎድቷል። ከመደብሩ ስትገዙ መጀመሪያ ነፃውን ቅንጫቢ አንብቡ። የመማሪያ መጽሐፍና በትልቅ ገጽ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ግን ኪንድል ይቅርባችሁ፤ ታብሌት ይሻላችኋል።

አሁን ከሰዓት በኋላ ኪንድሉ ያለው አባቴ ጋ ነው። እኔ ማታ እረከበዋለሁ። የሁለተኛውን ምዕራፍ ትረካ ስለጨረሰልኝ በዚህ ሳምንት ጽፌ እጭንለታለሁ።