ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች፦ በጥቅል ዋጋ የሚሸጠውን የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለቀቁትን «በፊት» እና «አሁን» የሚሉ ፎቶዎች አይታችሁ፣ ውጭ ሀገር ሄዳችሁ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ነው። ከደላሎቹ የሚነገራችሁ ዋጋ የቀዶ ሕክምናው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚከፈለውን ማንም አይነግራችሁም፤ እሱ የሚከፈለው ደግሞ እዚሁ፣ ሻጩ በሌለበት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ማጭበርበር አይደለም። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ቀዶ ሕክምና ያደረጉትን ካላደረጉት ጋር ለብዙ ዓመታት ያነጻጸረው ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ወገን የሞት መጠን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዓይነት ጥቅል ቱርክ ሄዳ የተሠራችው የታላቅ እህቴ ስኳርም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በእጅጉ ወርዷል፤ የጉልበቷ ሕመም ቀሎላታል። እህቴ ክብደት በመቀነሷ አትጸጸትም። የምትጸጸተው ሳትጠየቅና ሳትመረመር በተሸጠላት ውል ነው፤ የእኔም ማስጠንቀቂያ በዚሁ ላይ ነው።

ጥቅሉ ውስጥ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል መኪና፣ ቀዶ ሕክምናውና ጥቂት የሆስፒታል አዳር ይገኙበታል። በውሉ መጨረሻ ላይ ግን ቅድሚያ ክፍያው እንደማይመለስ፣ ታካሚዋ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ለሚደርስ ማንኛውም ችግር አገናኙ ኃላፊነት እንደማይወስድ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ክትትል የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። «በዋትስአፕ ሁሌም አለንላችሁ» የሚለው ተስፋ በቃል ብቻ የተነገረ ነበር፤ ቀሪው ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ መልእክቶቻችን እየተነበቡ መልስ የማያገኙ ሆኑ።

እህቴን ከሁሉም በላይ የጎዳት አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። እህቴ ከድሮም ቃር ያስቸግራታል። የተሸጠላት ቀዶ ሕክምና ስሊቭ የሚባለው ሲሆን፣ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የጨጓራ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና እንደ ቱቦ የጠበበ ጨጓራ ይቀራል፤ የወጣው ክፍልም ተመልሶ አይተካም። በጠባቡ ጨጓራ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቃር ለጠናበት ሰው ከስሊቭ ይልቅ ባይፓስ የሚባለው፣ ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚገናኝበት ዓይነት እንደሚመረጥ በሙያው የታወቀ ነው። በፊንላንድ 240 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ በሚደረግ ምርመራ) ሲታይ የጉሮሮ ቧንቧ ቁስለት በስሊቭ ታካሚዎች 31 በመቶ፣ በባይፓስ ታካሚዎች ደግሞ 7 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። እህቴን ስለ ቃር የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ኢንዶስኮፒም አልተደረገላትም። ዛሬ ትራስ ደራርባ ከወገቧ ቀና ብላ ነው የምትተኛው፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሳትውጥ የምታድርበት ቀን የለም። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ 12 ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት መግባቱን ይቀንሳል፤ ጨጓራዋ በመቆረጡ የተነሳ ቀድሞውንም እጥረት ለሚያሰጋት ሴት ይህ ተደራቢ ጉዳት ነው። መፍትሔው ወደ ባይፓስ የሚቀይር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መሆኑን ሐኪም ነግሯታል፤ እሱም በጥቅሉ ውስጥ የለም።

ወደ ቫይታሚኑ ልምጣ፤ ለእኔ ትልቁ የተደበቀ ወጪ ይህ ነውና። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ቫይታሚንና ማዕድን መውሰድ ለጥቂት ወራት ሳይሆን ዕድሜ ልክ ነው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ 12፣ ቫይታሚን ዲ፣ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ካልሲየም፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት ደግሞ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋል። ካልሲየምና አይረን አንድ ላይ አይዋጡም፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት መኖር አለበት። ካልሲየሙም በአንድ ጊዜ ስለማይዋጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ይከፋፈላል። አይረን ከሻይና ከቡና ጋር ሲገናኝ በሚገባ አይሰራም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠብቆ በሚጠጣበት በእኛ ሀገር ይህን ሰዓት ማመቻቸት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት ነው። እህቴ የመድኃኒቶቿን ሰዓት በወረቀት ጽፋ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋለች፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይጀምርና መኝታ ሰዓት ላይ ያልቃል። የሚመከረው ካልሲየም ሲትሬት ሲሆን፣ በደሴ ፒያሳ ባሉት ፋርማሲዎች ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ያገኘነው ካርቦኔቱን ነው፤ ሲትሬቱን ከአዲስ አበባ በሰው እናስመጣለን። የቢ 12 ምርመራ ስታደርግም ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ትጠብቃለች። እግሯን መደንዘዝ ጀምሯት ሳለ ውጤቱን የጠበቅንበት ጊዜ ለቤተሰቡ ሁሉ ጭንቅ ነበር፤ የቢ 12 እጥረት ሳይታከም ከቆየ ነርቭን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላልና።

ምግቡም እንደ ድሮው አይሆንም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ውኃ ከምግብ ጋር አብሮ አይጠጣም፤ ተጎንጭቶ ተጎንጭቶ እንጂ በአንድ ትንፋሽ ብርጭቆ መጨረስ አይቻልም። እንግዲህ ይህ ሰው ረመዷንን ሲጾም ከመግሪብ እስከ ሱብሂ ባለው ጊዜ ውስጥ የቀኑን ውኃ፣ ፕሮቲንና ክኒን ሁሉ ማዳረስ አለበት። ክርስቲያን ወገኖቼም የሁዳዴን 55 ቀናት ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ስታሳልፉ ፕሮቲኑን ከምስርና ከሽሮ ብቻ ለማሟላት ትንሿ ጨጓራ ቦታ አይኖራትም። መጾም ፈጽሞ አይቻልም እያልኩ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ደላላው ይህን አያነሳውም። በድግስ ላይ ደግሞ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻን መመለስ አለ። እህቴ በዚህ የተነሳ ሠርግና ሰደቃ መሄድ ቀንሳለች፤ ይህን ከሰውነቷ ጉዳት ለይቼ አላየውም።

የሚረግፈው ፀጉር ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። የተንጠለጠለ ቆዳ ግን አይመለስም፤ የሚያስወግደው ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም የተወሰነ ክብደት የሚመለስባቸው ጥቂት አይደሉም። ወጣት ሴቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ፦ ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል፤ ባይፓስ ላደረገች ሴት ደግሞ የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል።

ጥቅሉ ታካሚውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሀገር መመለሱም አደገኛ ነው። የተሰፋው የጨጓራ ጠርዝ ከሳምንት በኋላም ሊያፈስ ይችላል፤ ከረጅም በረራ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተቀምጦ መምጣት ደግሞ የደም መርጋት ስጋትን ይጨምራል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር እብጠት ከታየ ለዋትስአፕ መልስ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

«ቀዶ ሕክምና ከፈራችሁ ጨጓራ ውስጥ የሚቀመጥ ፊኛ ወይም ጨጓራ ላይ የሚወጋ ቦቶክስ አለ» የሚሏችሁም አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በፈሳሽ የሚሞሉ የጨጓራ ፊኛዎች ከገቡላቸው መካከል የሞቱ ታካሚዎች መኖራቸውን ገልጾ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ቱርክ ውስጥ በጨጓራቸው ቦቶክስ የተወጉ የአውሮፓ ሀገራት ነዋሪዎች ቦቱሊዝም በሚባል የነርቭ መመረዝ ታመዋል።

ልትፈርሙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተመረጠላችሁና ለምን እንደተመረጠ በጽሑፍ ጠይቁ። ቃር እንዳለባችሁ ሳይጠየቅ፣ ኢንዶስኮፒና የደም ምርመራ ሳይደረግ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው ተዉት። የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንደሚሰጣችሁ በውሉ ይጻፍ፤ እህቴ ይዛ የመጣችው በቱርክኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ሲሆን፣ ሆዷን አሟት ደሴ ሆስፒታል ስትሄድ ሐኪሙ ምን እንደተደረገላት ከወረቀቱ ለማወቅ አልቻለም። ከመሄዳችሁ በፊትም እዚህ የሚከታተላችሁ ሐኪም ይኑራችሁ።

ቀድማችሁ ያደረጋችሁ ደግሞ የቀዶ ሕክምናችሁን ዓይነት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። ለሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲሰጣችሁ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጋችሁ ተናገሩ፤ በተለይ ከባይፓስ በኋላ ጨጓራን ያቆስላሉ። ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለባችሁና ክሊኒክ ግሉኮስ ሊሰቀልላችሁ ከሆነ፣ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ ቫይታሚን ቢ 1 እንዲሰጣችሁ አሳስቡ፤ ያለ እሱ የሚሰጥ ግሉኮስ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል።